የተጠራው ጭፍራ የት ይቁም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቀስትና ጋሻ ስጽፍ ድምፃቸውን ያላሰሙ አንባቢዎች፣ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስለ ጥሪ ድግምት፣ ማለትም በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ለተጫዋቹ የሚዋጋ ፍጡር ስለሚያመጣው አስማት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ባደርግ የደብዳቤ ናዳ ለቀቁብኝ። አጽም የሚያስነሳው፣ ተኩላ የሚጠራው፣ ከጋኔን ጋር የሚዋዋለው ሁሉ ጥያቄ ነበረው ለካ። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ የእነሱ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአለሁ፤ ቁጣ የበዛባቸውን ደግሞ ትንሽ አለዝቤአለሁ።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፦ ባልደርስ ጌት 2 ላይ ካህኔና አስማተኛዬ ተራ በተራ አጽም ይጠራሉ። አምስት ሆነው ሲሰለፉ ደስ ይላል። ከዚያ አንድ የጠላት አስማተኛ እጁን ያነሳና ሁሉም በአንድ ጊዜ ድራሻቸው ይጠፋል። ታዲያ መጥራት ምን ይጠቅማል? በዚያው ቦታ የእሳት ኳስ ባጠና አይሻልም?»
ተስፋ የቆረጠ ጠሪ

መልስ፦ አጽሞችዎን ያጠፋቸው «የሞት ድግምት» የሚባለው ነው። ስድስተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ የተጠራ ፍጡር ላይ ሲያርፍ ምሕረት የለውም። እስቲ ግን ነገሩን ከጠላት በኩል ሆነው ይዩት። በዚህ ጨዋታ አንድ አስማተኛ በአንድ ዙር፣ ማለትም በ6 ሰከንድ ውስጥ፣ የሚያወጣው አንድ ድግምት ነው። በዚያው በስድስተኛው ደረጃ ላይ ሰውን ወደ ድንጋይ የሚለውጥ ድግምትም አለ። ጠላትዎ ተራውን ያዋለው በአጥንት ክምር ላይ ነው፤ ባለጋሻዎ ግን አሁንም ሥጋ ለባሽ ሆኖ ቆሟል። እርስዎ ይህን ኪሳራ አሉት፤ እኔ ትርፍ እለዋለሁ።

የተጠራ ፍጡር ስንት ጠላት ገደለ እያለ የሚቆጥር ተጫዋች ሁልጊዜ እንዳዘነ ይኖራል። መቆጠር ያለበት በእርስዎ ሰዎች ላይ ሊያርፍ ከነበረው ምት ስንቱን እንደ ተቀበለ ነው። ይህን ከተስማማን የሚቀረው መቼ ይግባ፣ የት ይቁም የሚለው ብቻ ነው።

መቼ ለሚለው፣ አምስቱን በአንድ ጊዜ አያስገቡ። በ2ኛው ጨዋታ በአንድ ጊዜ ሊኖሩ የሚችሉት የተጠሩ ፍጡራን አምስት ብቻ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው በመጀመሪያው ይህ ገደብ ስላልነበረ ጭራቅ በሚጠራው በትር ሜዳውን መሙላት ይቻል ነበር። ያ ዘመን አልፏል። አሁን ሁለቱን ብቻ ወደ ክፍሉ ይላኩ፤ የራስዎን ሰዎች ከግድግዳ ጀርባ ያስቀሩ። የጠላት አስማተኛ ውጊያ ሲጀምር መከላከያ በመከላከያ ላይ ይደርባል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በአስማት የተሠራ መሣሪያ እንዳይነካው የሚጠብቀው ድግምት ለምሳሌ የሚቆየው አራት ዙር ነው። እነዚያን 24 ሰከንዶች አጽም ሲያሳድድ ይጨርሳቸው። በየመሀሉ የኪቦርዱን ረጅም ቁልፍ ተጭነው ጨዋታውን ያቁሙና ከታች ያለውን የጽሑፍ መስኮት ያንብቡ፤ ጠላት ያወጣው ድግምት ስሙ እዚያ ይጻፋል። የሞት ድግምቱ መውጣቱን ሲያዩ ለቀሩት ሦስት ጥሪዎች ጊዜው ደረሰ።

የት ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ በር ላይ። ሁለት አጽሞች ጎን ለጎን ቆመው ጠባብ በርን እንደ ጠርሙስ ክዳን ይደፍናሉ፤ ቀስተኞችዎ ከኋላ ሆነው ያለ ሐሳብ ይተኩሳሉ። የእሳት ኳስ ይሻላል ወይ ብለዋል። ለምን አንዱን ይመርጣሉ? ጠሪው 15ኛ ደረጃ ሲደርስ የሚነሳለት አጽም ተራ አጽም አይደለም፤ አስማትን በ90 በመቶ የሚቋቋም ተዋጊ ነው። ጠላት በሙሉ በሩ ላይ ሲከማች ኳሱን በገዛ አጽሞችዎ አናት ላይ ይጣሉት። ጭሱ ሲገፈፍ ብዙውን ጊዜ ቆመው የሚያገኟቸው እነሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመሬት በታች አእምሮ መጣጮቹ ጋ ሲደርሱ ይህ ሁሉ ምክር ግዴታ ይሆናል። እነዚያ ጭራቆች በአንድ ምት 5 ነጥብ ከማሰብ ችሎታ ላይ ይቀንሳሉ፤ ነጥቡ ሲያልቅ ገጸ ባሕርዩ ይሞታል፤ የቱንም ያህል የሕይወት ነጥብ ቢኖረው አያድነውም። ጉልበተኛና ማሰብ የማይሆንለት ባለመጥረቢያ ካለዎ ሁለት ምት ይበቃዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከተጠራ ፍጡር ቀድሞ የሚገባ ሰው እንዳይኖር።

«እትዬ፣ በዚሁ ጨዋታ ጋኔን ጠርቼ ጋኔኑ የገዛ ባለሰይፌን ገደለብኝ። ጨዋታው ተበላሽቶ ነው?»
ግራ የገባው

መልስ፦ «እትዬ» ብለኸኛል፤ ይሁን፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። ጨዋታው አልተበላሸም። የጠራኸው ጋኔን ነው፤ ባሕርዩን ነው ያሳየህ። አጽም ጌታውን ያውቃል፤ ጋኔን ግን ጥበቃ የሌለው ሰው ካገኘ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ከመጥራትህ በፊት ከክፉ የሚጠብቀውን ድግምት በቡድንህ አባላት ሁሉ ላይ አድርግ፤ ዙሪያውን በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት ስላለ ሰዎችህን ሰብስበህ በአንድ ጊዜ ትጨርሳለህ። ከዚያ ጋኔኑ እናንተን እንዳላየ አልፎ ጠላት ላይ ይወድቃል። ከክበቡ ውጪ የቀረ ቀስተኛ አለመኖሩን ቁጠር። ጥበቃው ጋኔኑ ከመሄዱ በፊት እንዳያልቅም ተጠንቀቅ።

«የዲያብሎ 2 ሙታን ሳቢ ነኝ፤ ከጠላት ሬሳ አጽም እያስነሳሁ እዋጋለሁ። ሜዳ ላይ አጽሞቼን የሚያቆም የለም። አለቃው ጭራቅ ዱሪየል ጋ ስገባ ግን በጥቂት ሰከንድ አለቁ። ክፍሉ ውስጥ የማስነሳው ሬሳ የለም፤ ቀጥሎ የሞትኩት እኔ ነኝ። ነጥቤን ሁሉ አጽም ማስነሳት ላይ ማፍሰሴ ስህተት ይሆን?»
ሬሳ ያጣው

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ የጨዋታው ውበትና ጭካኔ አንድ ላይ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች ለሙታን ሳቢው የሰጡት ስንቅ የጠላት ሬሳ ነው። በገደልክ ቁጥር ትበረታለህ። ዱሪየልን ደግሞ በታል ራሻ መቃብር ውስጥ፣ ሌላ ነፍስ በሌለበት ጠባብ ክፍል አስቀመጡት። ሆን ተብሎ ላንተ የተዘጋጀ እስኪመስል ድረስ ስንቅህን ደጅ አስቀርተውብሃል። ላዩ ላይ ዙሪያውን የሚያቀዘቅዝ ኃይል ጨመሩለት፤ መሸሽም ከባድ ነው።

ስለዚህ ሬሳ የማይፈልገውን ጥሪ ተጠቀም። ጎለም የሚባለው የሸክላ ተዋጊ የሚነሳው ከማናህ፣ ማለትም ከአስማት ጉልበትህ ነው። የመታው ጠላት እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ ሲወድቅ በዚያው ቅጽበት ሌላ ታቆማለህ። ሥራህ ጎለሙን ከዱሪየል ፊት አለማንሳት ነው። በዚህ ላይ እርግማን ጨምር። ደረጃህ 24 ከደረሰ ጠላትን አዝግሞ ኃይሉን የሚሰብረው እርግማን አለልህ። ካልደረሰ ደግሞ ከደረጃ 6 ጀምሮ የሚገኘው የማዳከሚያ እርግማን አለ፤ ጠላት የሚያደርሰውን ጉዳት በ33 በመቶ ይቀንሳል፤ ማንም አይጠቀምበትም፤ እዚህ ግን ነፍስ ያድናል። ከመግባትህ በፊት ወደ ከተማ የሚመልሰውን ጥቅልል በእጅህ ያዝ፤ እንደ ገባህም ወደ ከተማ የሚያወጣውን የአስማት በር ክፈትበት። ጦርህ ካለቀ በዚያ ውጣ፣ ከክፍሉ ውጪ ባለው መቃብር ውስጥ ጭራቅ ገድለህ አጽሞችህን እንደገና ሙላ፣ ተመለስ። አጽሞች በሩን አብረውህ ያልፋሉ።

ስለ ነጥቡ የጠየቅከው ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው የ1.10 ማሻሻያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነጥቦች እያንዳንዳቸው አንድ አጽም ይጨምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ አጽም የሚጨመረው በየሦስት ነጥቡ ነው። 20 ስትሞላ የሚኖርህ 8 ነው። የተቀረው ጥንካሬያቸው ላይ ይውላል፤ ያም ቢሆን መጥፎ አይደለም፤ አጽሞችን የሚያጠነክረውን ክህሎት ጎን ለጎን ካሳደግከው ደግሞ ጥሩ ነው። እኔ የምከራከርህ ሬሳ የሚያፈነዳውን ድግምት በመተውህ ነው፤ በደብዳቤህ ውስጥ ስሙን እንኳ አላነሳህም። የፍንዳታው ጉልበት የሚሰላው ሬሳው በሕይወት ሳለ ከነበረው ሙሉ የሕይወት ነጥብ ነው። ጠላት በጠነከረ ቁጥር ፍንዳታውም ይጠነክራል ማለት ነው። ነጥብ ስትጨምርበት የሚሰፋው ዙሪያው ብቻ ስለሆነ በጥቂት ነጥብ ይሠራል። ጉዳቱ ግማሹ እሳት፣ ግማሹ የአካል ምት ነው፤ ስለዚህ የአካል ምትን መቋቋሚያ በ100 ነጥብ የሚያወርደውን የመጀመሪያውን እርግማን አስቀድመህ ጣል። ያኔ አጽሞችህ የሚያስፈልጉት የመጀመሪያውን ሬሳ ለማግኘት ብቻ ይሆናል። የተቀረውን ሬሳ ራሱ ይጨርሰዋል።

«ባልደርስ ጌት 3 እየተጫወትኩ ነው። አስማተኛዬ ጓደኛዋን የሚያፈጥነውን ድግምት ታደርግለታለች፤ ከዚያ አንድ ቀስት ይነካትና ድግምቱ ይበተናል፤ ጓደኛዋም ደንዝዞ አንድ ተራ ያልፈዋል። ጥሪ ደግሞ ትኩረት ይይዛል (በትኩረት የሚያዘው በአንድ ጊዜ አንድ ድግምት ብቻ ነው) ብዬ ነክቼው አላውቅም። ምን ይሻለኛል?»
ትኩረቷ የተሰረቀባት

መልስ፦ መጀመሪያ ጥሩውን ዜና ልንገርሽ። በዚህ ጨዋታ ሙታን ማስነሳትም ሆነ የእሳት፣ የነፋስ፣ የውሃና የመሬት ፍጡራንን መጥራት ትኩረት አይጠይቅም፤ የጠራሽው ፍጡር ካልተገደለ እስከሚቀጥለው ረጅም ዕረፍት አብሮሽ ይውላል። ስለዚህ ጥሪ የውጊያ ሥራ አይደለም፤ የጠዋት ሥራ ነው። ከዕረፍት እንደ ነቃሽ ጠርተሽ ጨርሺ፤ ውጊያ ሲመጣ ትኩረትሽ ለማፍጠኛው ድግምት ነፃ ይሆናል። ትንሹን እንስሳ የሚጠራው ድግምት ከውጊያ ውጪ በሥርዓት ከተደረገ የድግምት ቦታ እንኳ አይወስድም፤ ማለትም እስከ ዕረፍት ከተመደበላት የድግምት ብዛት አይቀንስም። እኔ ድመቷን እመርጣለሁ፤ ስትጮህ የጠባቂዎችን ዓይን ትስባለች፤ በዚያ መሀል ሌባሽ ከጀርባቸው ያልፋል።

አሁን ስለ ቀስቱ። አስማተኛዋ ጉዳት በደረሰባት ቁጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ማለፍ ያለባት ቁጥር 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ ነው፤ ከሁለቱ የበለጠው ይወሰዳል። 8 ጉዳት ቢደርስባት ማለፊያዋ 10 ነው፤ 30 ቢደርስባት 15 ይሆናል። በትኩረት ጉዳይ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ የተሻለውን የሚያስወስድ ልዩ ችሎታ አለ፤ ለአስማተኛ ከምንም በፊት እሱን ውሰጂላት። ከዚህ የሚበልጠው ግን መቆሚያዋ ነው። ድግምቱን ካደረገች በኋላ የተረፋትን እርምጃ ከምሰሶ ጀርባ ለመግባት ተጠቀሚበት። ብዙ ሰው ድግምቱን አውጥቶ አስማተኛውን ሜዳ መሀል ይተወዋል፤ ከዚያ ዳይሱን ይረግማል።

የጠላትን ቀስተኞችም ዝም አትበያቸው። ቀስተኛ አጠገቡ ጠላት ከቆመ ዒላማው ይበላሻል፤ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ የባሰውን ይወስዳል። ለዚህ ሥራ ከተጠራ አጽም የተሻለ የለም። ምንም ባይመታ ግድ የለም፤ ከቀስተኛው አጠገብ ሄዶ ይቁም። ቀስተኛው ልሽሽ ካለ ከጀርባ ይመታል፣ አልሽሽም ካለ ይስታል።

ይኸው የትኩረት ሕግ ጠላትንም ይገዛዋል። አንድ የጠላት ካህን ትኩረት ይዞ ሲያስቸግርሽ አንድ ትልቅ ምት ከመሰንዘር ይልቅ የማይስቱትን ሦስት ትናንሽ የአስማት ፍላጻዎች ወርውሪበት። እያንዳንዱ ለብቻው ዳይስ ያስጥለዋል። ሦስት ጊዜ ማለፍ ይከብዳል።

«ስካይሪም ውስጥ የጠራሁት አትሮናክ የሚባል ግዙፍ የበረዶ ፍጡር መተላለፊያውን ዘግቶብኝ ከኋላው ቆሜ ቀረሁ። እሱን እንዴት ነው የምገፋው?»
ከበረዶ ጀርባ

መልስ፦ አይገፋም። ወደ ሌላ ቦታ አነጣጥረው እንደገና ይጥሩ፤ የጥሪ ክህሎትዎ 100 ደርሶ ሁለት ፍጡር የሚያስችለውን ችሎታ እስኪያገኙ ድረስ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይጠፋል። ለወደፊቱ የበረዶውን ለሜዳ፣ የእሳቱን ለዋሻ ያድርጉ። የእሳቱ ቀጭን ነው፣ ከሩቅ ይወረውራል፣ ሲሞትም ፈንድቶ አጠገቡ ያለውን ይጎዳል። ከእርስዎ ፊት መጥራትም ልማድ አይሁን። በ30 እና በ70 የሚገኙት ችሎታዎች የመጥሪያውን ርቀት ያረዝማሉ፤ ፍጡሩን ከጠላት ቀስተኞች ጀርባ ያውርዱት። ሁሉም ፊታቸውን ወደዚያ ሲያዞሩ እርስዎ በዚህ በኩል ሥራዎን ይሠራሉ።

«ዲቪኒቲ ኦሪጂናል ሲን 2 ላይ ኢንካርኔት የሚባለውን ፍጡር እጠራለሁ፤ ይመታል ግን አይጎዳም። የጥሪ ክህሎት በከንቱ የተመሰገነ አይደለም ወይ?»
ያልረካ

መልስ፦ የት ላይ ነው የምትጠራው? ደብዳቤህ ይህን አይነግረኝም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው። ኢንካርኔት ባሕርዩን የሚወስደው ከቆመበት መሬት ነው። እሳት ላይ ከጠራኸው እሳት ይሆናል፣ ውሃ ላይ ውሃ፣ ደም ላይ ከጠራኸው ደግሞ የአካል ጉዳት ያደርሳል። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ጠላት ሁለት ጋሻ አለው፤ አንዱ የአካል ምትን፣ ሌላው አስማትን ይከላከላል። መጀመሪያ የትኛው ጋሻ እንደሳሳ እይ፣ ከዚያ መሬቱን ምረጥ። የብረት ልብስ የለበሰው ላይ የእሳቱን፣ አስማተኛው ላይ የደሙን። እንዲህ ሳታደርግ ባገኘኸው ደረቅ መሬት ላይ ጠርተህ ከሆነ ቅሬታህን አልቀበልም። ክህሎቱንም 10 እስኪሞላ አትከፋፍለው፤ 10 ላይ ኢንካርኔቱ ወደ ትልቁ ተዋጊ ይለወጣል፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

«ኤልደን ሪንግን መንፈስ ጠርቶ የጨረሰ ሰው ጨርሻለሁ ማለት የለበትም። ጨዋታው የተሠራው ለብቻ ውጊያ ነው። እርስዎ በዚህ ዓምድ ጥሪን ማበረታታትዎ ያሳፍራል።»
ብቻውን የቆመ

መልስ፦ አላፈርኩም። መናፍስቱን የሚጠራውን ደወል ገና በጨዋታው መጀመሪያ ላይ በእጅህ የሚያስገቡልህ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ ጥሪ ከመጠን በላይ ሲበረታ ለማረም እንደማያመነቱም አሳይተዋል፤ የተጫዋቹን መልክ ይዞ የሚዋጋውን መንፈስ ጨዋታው በወጣ በወሩ፣ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በመጣው ማሻሻያ ጉዳቱን ቀንሰውበታል። ቀነሱት እንጂ አላጠፉትም። መጥራት የሚቻለውም በየትኛውም ስፍራ ሳይሆን ለዚያ ተብሎ ሐውልት በቆመበት አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ የታሰበበት ሥራ ነው።

ደግሞም ጥሪ ውጊያውን ይለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን ፋይናል ፋንታሲ 10ን የተጫወተ ያውቀዋል። ጠሪዋ ዩና አንዱን ታላቅ ፍጡር ስትጠራ ቡድኑ ከሜዳው ይወጣል፤ አለቃው ጭራቅ ያጠራቀመውን ትልቅ ምት የሚቀበለው ፍጡሩ ብቻ ነው። መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማየትና በዚያች ተራ መጥራት ዕውቀት ይጠይቃል። ኤልደን ሪንግም ላይ እንዲሁ ነው። የአለቃውን ክፍል የሚዘጋውን ጭጋግ አልፈህ እንደ ገባህ፣ አለቃው ገና ወደ አንተ እየመጣ ሳለ፣ ደወሉን አንኳኳ። ከዚያ አትምታ። የጠራሃቸው የተኩላ መናፍስት ደርሰው ፊቱን እስኪያዞርላቸው ድረስ ጠብቅ፤ መድኃኒትህን የምትጠጣው እና የረጅም ጊዜ ዝግጅት የሚፈልገውን ምት የምታወጣው ጀርባውን ሲሰጥህ ነው። መልክህን የሚይዘውን ከጠራህ ደግሞ ከመጥራትህ በፊት የያዝከውን መሣሪያ እይ፤ በዚያች ቅጽበት የለበስከውንና የታጠቅከውን ነው የሚወስደው። ዋጋው ከሕይወት ነጥብህ ላይ ስለሚነሳ ቀጥሎ መድኃኒት ለመጠጣት ቦታ ይኑርህ።

በአንድ ቦታ ብቻ ከአንተ ጋር እስማማለሁ። ማሌኒያ የምትባለው አለቃ በመታች ቁጥር ቁስሏ ይሽራል፤ የመታችው አንተን ይሁን የጠራኸውን መንፈስ ልዩነት የለውም። ሦስት ደካማ ተኩላዎች ይዞ የገባ ሰው ዕድሜዋን ያራዝምላታል። እዚያ ወይ ቶሎ የሚጎዳና የማይወድቅ አንድ ብርቱ መንፈስ ያዝ፣ ወይ አንተ እንደምትለው ብቻህን ግባ።